ሰባት ፊደል ይዞ ቃል ማጣት፦ ጥያቄና መልስ

ስክራብል ላይ ብዙ ቅዳሜዎችን አቃጥያለሁ። ስለዚህ "እነዚህ ፊደሎች ያሉበት የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ነው የሚገኘው?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሁሉም ወደኔ ይጠቁማል። ዛሬ ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ጠይቁ። ጨዋታውን ለማያውቁ፦ በጠቅላላው 100 ፊደል አለ፣ ሁለቱ ባዶ ናቸው። በእጅ 7 ይያዛል፣ ቃል እየሠሩ ሰሌዳው ላይ መደርደር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፊደሎቹን ሳያቸው ሁሉም ይምታቱብኛል። ከየት ልጀምር?

ጆሮሽን ትንሽ አሳርፊው፣ ልጄ። እኛ ያደግነው የሰማነውን በምንጽፍበት ፊደል ነው። ቀ፣ በ፣ ረ ብሰጥሽ ቀበረ፣ ቀረበ፣ በረቀ ብለሽ ትጨርሻለሽ። እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ አፍሽ ይመራሻል። እንግሊዝኛ ላይ ይኼው አፍ ያሳስትሻል። "ሊስን" የሚለውን ቃል ጻፊው፦ ኤል-አይ-ኤስ-ቲ-ኢ-ኤን። ቲ ቁጭ ብላለች፣ ግን ድምጿ የለም። እነዚያኑ ስድስት ፊደሎች በትኚና እንደገና ደርድሪያቸው። "ሳይለንት" ይወጣል። "ኢንሊስት" ይወጣል። "ቲንስል"ም አለ። በጆሮ ሊስንና ሳይለንት ምን ያገናኛቸዋል? ወረቀት ላይ ግን መንታ ናቸው።

እኔ ፊደሎቹን በክብ እጽፋቸዋለሁ። በመስመር ከተጻፉ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ይጀምርና እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ በክብ ጻፍኩ። ከዚያስ?

ቅጥያዎቹን ነጥለህ አውጣ። አንድ ቀን እጄ ላይ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ወጡልኝ። የስክራብል ሰው እንዲህ ያለ እጅ ሲያይ ምራቁን ይውጣል። መጀመሪያ ኤስን ወደ መጨረሻ ገፋኋት። የቀሩት ስድስቱ "ሬቲና" ሆኑ፣ ስለዚህ "ሬቲናስ" አለኝ። ቀጥዬ አር-ኢን ወደ ፊት አመጣሁ፦ "ሪቴይንስ"። ከዚያ አይ-ኢ-አርን ወደ ኋላ ወሰድኩ፦ "ናስቲየር"። ኢ-አርን ብቻ ከኋላ ሳደርግ "ስቴይነር" መጣ። አራት ቃል፣ ያውም አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ። ሰባቱንም ፊደል በአንዴ የጣለ 50 ነጥብ ይጨመርለታል።

እንዲህ ቀላል ነበር እንዳትሉኝ። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ አንዱንም የማስገባበት ቦታ አጥቼ እጄን ይዤ ቀረሁ።

ጥያቄ፦ ኪው መጥታብኝ ዩ የለኝም። መልሼ በሌላ ልቀይራት?

ኧረ በፍጹም! ኪው 10 ነጥብ ናት። ይቺን እኛ ከፈረንጆቹ በተሻለ ማወቅ አለብን። ኪው ያለ ዩ የምትገባባቸው ቃላት ብዙዎቹ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ የመጡ ናቸው፣ የኛን "ቀ" ከሚመስል ድምፅ። ኪው-ኤ-ቲ ጫት ነው፣ አዎ፣ ጫታችን። ኪው-ኦ-ፒ-ኤች የዕብራይስጥ ፊደል ነው፣ የኛው "ቀ" የሥጋ ዘመድ። ኤፍ-ኤ-ኪው-አይ-አር ደግሞ "ፋቂር" ነው፣ ከዐረብኛው "ፈቂር"። ከሁሉ የምትጠቅመው ግን የቻይናዋ ባለሁለት ፊደል ናት፦ ኪው-አይ። ብዙ ጨዋታ አድናልኛለች።

ጥያቄ፦ ልጆቼ እዚህ አሜሪካ ትምህርት ቤት ይጫወታሉ። የኛ ቃላት ይፈቀዳሉ?

አንዳንዶቹ አዎ፣ እህቴ። ጤፍ በአንድ ኤፍም በሁለት ኤፍም ይገባል። ንጉሥ ኤን-ኢ-ጂ-ዩ-ኤስ ተብሎ አለ። ራስም፣ ማዕረጉ ማለቴ ነው፣ አለ። ብር አለ። የኔን ልብ የሰረቀው ግን የብር ብዙ ቁጥር ነው። የሰሜን አሜሪካው የስክራብል መዝገብ "ብሮች"ን ራሱን ይቀበላል፦ ቢ-አይ-አር-አር-ኦ-ቲ-ሲ-ኤች። ስምንት ፊደል! ልጆችሽ አንድ ቀን ቢጥሉት ተጋጣሚው መከራከሩ አይቀርም። ያኔ መዝገቡን ከፍተው ማሳየት ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮግራመር ነኝ። የቃላት ዝርዝር በፋይል አለኝ። በኮድ እንዴት ልፈልግ?

መጀመሪያ ምን እንደምትፈልግ ለይ፣ ወንድሜ። ሦስት ጥያቄዎች ይምታታሉ። አንደኛው "እነዚህ ፊደሎች ያሉበት፣ ሌላም ቢጨመር ግድ የለም" ነው። ሁለተኛው "ከነዚህ ፊደሎች ብቻ የተሠራ፣ ቢጎድልም ይሁን" ነው። ሦስተኛው "ልክ እነዚህን ሁሉ" ነው።

ለመጀመሪያው ግሬፕን፣ ማለትም የጠየቅከው ፊደል ያለበትን መስመር ከፋይል የሚያወጣውን ትእዛዝ፣ በፓይፕ መደራረብ ይበቃል፤ ፓይፕ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለቀጣዩ ያቀብላል። አንዱ ኤ ያላቸውን ያሳልፋል፣ ቀጣዩ ከነሱ ውስጥ ዜድ ያላቸውን፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ወጥመዱ ድግግሞሽ ላይ ነው። ኢን ሁለት ጊዜ ስትፈልግ ግሬፕ ኢ "አለች ወይ" እንጂ "ስንት ናት" ብሎ አይጠይቅልህም። ለሁለተኛው መቁጠር የግድ ነው፤ ቃሉ ውስጥ የትኛውም ፊደል እጅህ ላይ ካለው ቁጥር መብለጥ የለበትም።

ሦስተኛው ደስ ይላል። የእያንዳንዱን ቃል ፊደሎች በኤ-ቢ-ሲ-ዲ ተራ ደርድር። ሊስን ኢ-አይ-ኤል-ኤን-ኤስ-ቲ ይሆናል። ሳይለንትም ኢ-አይ-ኤል-ኤን-ኤስ-ቲ። ያችን የተደረደረች ጽሑፍ ቁልፍ አድርገህ ቃላቱን ከሥሯ ሰብስብ። አንዴ ከተሠራ በኋላ ፍለጋው ብልጭ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። አጉል ልፋት አይሆንብኝም?

ናይጀል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው አለ። በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ስክራብል ውድድር አሸነፈ። ፈረንሳይኛ ግን አይናገርም! መዝገቡን ቁጭ ብሎ ሸምድዶ ነው። እኔም ትርጉማቸውን የማላውቃቸው ስንት ቃላት እጥላለሁ መሰለህ።

ጥያቄ፦ ፊደል ሲሰጡት ቃል የሚያወጡ ድረ ገጾች አሉ። መጠቀም ማጭበርበር ነው?

በጨዋታ መሀል ከሆነ አዎ፣ ምንም ማስተባበያ የለውም። ከጨዋታ በኋላ ግን እኔም እጠቀማለሁ። ያመለጠኝን እጅ አስገብቼ "ይሄ እንዴት አልታየኝም!" እያልኩ ራሴን እቀጣለሁ።

ጥያቄ፦ ዎርድል ላይ፣ ያ ባለአምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል የሚገመትበት ጨዋታ፣ በምን ቃል ትጀምራለህ?

በ"ስሌት"፦ ኤስ-ኤል-ኤ-ቲ-ኢ። አምስቱም በእንግሊዝኛ በብዛት የሚመጡ ፊደሎች ናቸው። ለስድስት ሙከራ ጥሩ መነሻ ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፣ ጋሼ። ቪ ያላት ባለሁለት ፊደል ቃል አለች?

የለችም። በእንግሊዙም በአሜሪካውም መዝገብ የለችም። ስንት ደቂቃ ፈለግሽ?