አንድ ጫማ ለፔዳልም ለእግርም

ከሲኤምሲ ስታዲየም በብስክሌት እመላለሳለሁ። ቢሮ ደርሶ ጫማ መቀየር ሰለቸኝ። ፔዳል ላይ የሚቆለፍ፣ የሚያስኬድም ጫማ ልግዛ ብል ሻጩ ሶሉ ሥር ሁለት ብሎንና ሦስት ብሎን የሚታሰርበት እያለ አደናገረኝ። የትኛውን ልያዝ?

ሁለት ብሎኑን ያዝ። ሦስት ብሎኑ የውድድር ነው። ፔዳሉ ላይ እንዲቆለፍ ሶሉ ሥር የሚታሰረው ትልቅ ፕላስቲክ ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ አረማመድህ የዳክዬ ይሆናል። የታጠበ ሴራሚክ ላይማ አያድርስ ነው።

ሁለት ብሎን ላይ የምትታሰረው ግን ትንሽ ብረት ናት። ሶሉ ውስጥ ገባ ብላ ስለምትቀመጥ መሬት የሚረግጠው ጎማው ነው። የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ ይህች ብረት የምትቆለፍበትን ፔዳል በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ለተራራ ብስክሌት ነበር። ጭቃ ሲይዘው ወርዶ የሚገፋ ሰው መራመድ አለበታ!

ሱቅ ውስጥ ጫማውን በሁለት እጅህ ይዘህ እጠፈው። ከጣቶቹ ሥር ትንሽ እጥፍ ይበል፤ መሀሉ ግን እምቢ ይበል። እንደ ሸራ ጫማ ከተጠቀለለ አቀበት ላይ መሀል እግርህን ያምሃል። ጣውላ ከሆነ ደግሞ ደረጃ ስትወጣ ተረከዝህ ሾልኮ ይወጣል። ብረቷ ከታሰረች በኋላም ሴራሚክ ላይ ቆመህ ሞክረው። ቀጭ ቀጭ ካለ ሌላ ፈልግ። ለብረቷ የሚሆን ፔዳልም አብረህ መግዛት አለብህ፤ ሒሳቡን ከነፔዳሉ አስበው።

እግሬ ፔዳሉ ላይ ተቆልፎ ሚኒባስ ፊቴ ድንገት ቢቆምስ?

ፍርሃትሽ ልክ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት መብራት ላይ ቆሜ፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ከነብስክሌቴ እንደ ጆንያ ዘፍ ብያለሁ። የታክሲው ረዳት «አይዞህ!» አለኝ። ሳቁን ግን አልቻለም።

ለመላቀቅ ተረከዝሽን ወደ ውጭ ማዞር ነው። የፔዳሉን ስፕሪንግ አላልተሽ፣ ግድግዳ ተደግፈሽ ተለማመጂ። እውነቱን ልንገርሽ? ለከተማ ጉዞ ባይቆለፍም ይቻላል። ትንንሽ ጥርስ ያለው ሰፊ ፔዳልና ሶሉ ጠፍጣፋ፣ ጠንከር ያለ ስኒከር ይበቃሻል።

ሰኔ ከገባ ጫማዬ አይደርቅም። ውሃ የማያስገባ ልግዛ?

ለአዲስ አበባ ክረምት አልመክርህም። ዝናቡ በቁርጭምጭሚትህ በኩል ይገባል፤ ከገባ ደግሞ መውጫ የለውም። ቶሎ የሚደርቅ ይሻልሃል። ማታ የውስጥ ሶሉን አውጣና ጋዜጣ ጎስጉስበት፤ ሲርስ ቀይረው። ከሰል ዳር አታስጠጋው፣ ማስቲሹ ይለቃል። ፓራፋንጎ ከሌለህ ግን ከጫማው በፊት እሱን ግዛ። ብዙ ውሃ የሚመጣው ከራስህ ጎማ ነው።

ስቶክሆልም ነኝ። ብርዱ ሲበረታ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ካልሲ ልደርብ?

ጫማሽ ልክሽ ከሆነ መደረቡ ይብሳል፤ ሲጠብ ደም አይዘዋወርም። መጀመሪያውኑ በወፍራም ካልሲ ለክተሽ፣ ጣቶችሽ የሚንቀሳቀሱበት ግዢ። ብርዱ በብረቷ በኩልም ስለሚገባ የሱፍ የውስጥ ሶል አንጥፊ። ከላይ የሚጠለቅ የጫማ ሽፋንም አለ። በየቀኑ ከዜሮ በታች የምትነጂ ከሆነ ግን «አንድ ጫማ» የሚለውን ነገር ተዪው።

የጫማ ክር ወይስ የሚጣበቅ?

ክር። ሲበጠስ የትም ሱቅ ይገኛል። ትርፉን ግን ወደ ውስጥ ወሽቀው፣ በተለይ የቀኙን። ካቴናው በዚያ በኩል ነው።