ባክቴሪያዎች ምን ይባባላሉ? ከቱሉ ዲምቱና ከአቃቂ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባዮቴክኖሎጂ አስተምራለሁ፤ የምኖረውም ቱሉ ዲምቱ ነው። ሴሎች እንደፈለግነው እንዲነጋገሩ አድርጎ ስለማበጀት ተማሪዎችና ጎረቤቶቼ ለላኳቸው ጥያቄዎች መልሴ እነሆ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባክቴሪያ አፍም ጆሮም የለው፤ በምን ይነጋገራል?

መልስ፦ በኬሚካል። ቪብሪዮ ፊሸሪ የተባለ ብርሃን ሰጪ የባሕር ባክቴሪያ አለ። ብቻውን ሲሆን አያበራም። እያንዳንዱ ሴል ሉክስአይ በተባለ ኢንዛይም ትንሽ ሞለኪውል እየሠራ ወደ ውጭ ይለቃል። ሴሎቹ ሲበዙ ሞለኪውሉ ይጠራቀምና ሉክስአር ከተባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የብርሃኑን ጂኖች ያስነሳል። አባላቱ ካልተሟሉ ውሳኔ እንደማያሳልፍ ዕድር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ መሐንዲሱ ምን ይጨምርበታል?

መልስ፦ ሉክስአይንና ሉክስአርን የሚያሠሩትን ሁለት ጂኖች ለያይቶ ኢ. ኮላይ የተባለ በቤተ ሙከራ የተለመደ ባክቴሪያ ውስጥ ያስገባል፤ አንዱን ሴል ላኪ፣ ሌላውን ተቀባይ ያደርጋል። በ2005 የተመራማሪው የሮን ዋይስ ቡድን ላኪዎቹን የቤተ ሙከራ ሳህን መካከል አስቀመጠ፤ ተቀባዮቹን ዙሪያውን ዘራ። ተቀባዮቹ መልእክቱ ሲበዛም ሲያንስም ዝም ብለው፣ መካከለኛ ሲሆን ብቻ አረንጓዴ እንዲያበሩ ተደርገው ነበር። ከመካከሉ ራቅ ብሎ አረንጓዴ ቀለበት ወጣ። ቀለበቱን ማንም አልሳለውም፤ ሴሎቹ ከላኪዎቹ ያላቸውን ርቀት በመልእክቱ መጠን ለክተው ሠሩት። በዚህ ሙያ ውስጥ የዚህን ያህል የሚደንቀኝ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ አለማለሁ። እነዚህ ተሐዋስያን ወንዙን አያጸዱልንም?

መልስ፦ አባቴ፣ ለጊዜው ተስፋ አልሰጥዎትም። መርዝ ሲነካው ምልክት የሚሰጥ ባክቴሪያ መሥራት ይቻላል፤ ለአርሴኒክ ተሠርቷል። በጠርሙስ ተዘግቶ ውኃ ቢመረምር ጥሩ ነው። ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የአገራችን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅም ያለ ፈቃድ አይፈቅድም። እርስዎን ዛሬ የሚጠቅምዎት የፋብሪካው ፍሳሽ ወንዙ ሳይደርስ መታከሙ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ ሳይንስ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ለካንሰርስ?

መልስ፦ በአይጦች ላይ ተሞክሯል። በ2016 ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ዕጢ ውስጥ ተራብቶ ቁጥሩ ሲሞላ አብዛኛው በአንድ ጊዜ እንዲፈነዳና መድኃኒት እንዲለቅ ተደርጓል። የተረፉት ጥቂቶች እንደገና ይራባሉ፤ ዙሩ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ይህን ላጥና ብዬ ነበር። ከባዱ ክፍል የቱ ነው?

መልስ፦ እንዲነጋገሩ ማድረጉ አይደለም፤ ንግግሩን ይዘው እንዲቆዩ ማድረጉ ነው። የጨመርህበት ጂን ለሴሉ ሸክም ነው፤ ምግቡን ይሻማዋል። ኢ. ኮላይ በተመቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ ይከፈላል፤ በዚህ ሁሉ መራባት መካከል ጂኑ የተበላሸበት አንድ ሴል ይወለዳል። ሸክም ስለሌለበት ከሌሎቹ ፈጥኖ ይራባና ቦታውን ይይዛል። በ2004 ቁጥራቸው ሲበዛ ራሳቸውን የሚገድሉ ባክቴሪያዎች ተሠርተው ነበር። እዚያ ደግሞ ጂኑ የተበላሸበት ሴል ከሸክም ብቻ ሳይሆን ከሞትም ያመልጣል፤ ስለዚህ ይበልጥ ያሸንፋል። በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎች ሴሎቹን 16 ናኖሊትር (ናኖሊትር የሊትር ቢሊዮንኛ ነው) ብቻ በሚይዝ ዕቃ አሳደጓቸው። ሴሎቹ ጥቂት ስለሆኑ የሚበላሸውም ጥቂት ሆነ፤ ሥርዓቱም ለመቶዎች ሰዓታት ሠራ። ከዚህ ጀምር። ጂኑን ከማስገባትህ በፊት ሴሉ ለምን እንደሚጥለው ጠይቅ፤ ጥናትህንም በዚያ ጥያቄ ዙሪያ ንደፍ።