በረዶው ሳይደርስ፦ ጥያቄና መልስ ከዴንቨር መካኒክ ጋር

መካኒኩ፦ ዴንቨርና አውሮራ ላላችሁ ነው። የመኪናውን ዓይነትና ዓመተ ምህረት ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።

ባለ ኮሮላ፦ ጋሼ፣ 2014 ኮሮላ ነው። ጎማው ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት) ይላል። ለክረምት ይበቃል?

መካኒኩ፦ ይህችን ጥያቄ ነበር የምጠብቃት። ስሙ ብዙ ሰው ሸውዷል። የኦል ሲዝን ላስቲክ ብርዱ ሲበረታ ይጠነክርና አስፋልቱን አይዝም። የክረምት ጎማ በብርድም ለስላሳ ነው፤ ጥርሱ ላይ በረዶ የሚነክሱ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። ጎኑን እይ። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ተስሎ መሃሉ የበረዶ ቅንጣት ካለ፣ ለበረዶ የተፈተነ ነው። ስትገዛ አራቱንም። የፊቶቹን ብቻ ከቀየርክ ኩርባ ላይ የኋላው ተንሸራቶ መኪናው ይዞርብሃል። ከተማ ውስጥ ቀስ ብለህ ለምትነዳው፣ የኦል ሲዝኑ ጥርስ ደህና ከሆነ ያዘልቅሃል። ሰው ጭናችሁ ወደ ስኪ ለምትወጡ ግን ሌላ ነው። አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለ። የጥርሱ ጥልቀት ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት። የጥርስ መለኪያዋ ርካሽ ናት፤ ግዙ።

ባለ ራቭ ፎር፦ እኔ ፎር ዊል ነኝ። አይመለከተኝም አይደል?

መካኒኩ፦ ይመለከትሃል! ፎር ዊል ያስነሳሃል እንጂ አያቆምህም። ጥርስህን ለካ።

ባለ ካምሪ፦ ለበረዶ የጎማ ንፋስ መቀነስ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ።

ባለ ኮሮላ፦ አጎቴ አገር ቤት በክረምት፣ ጭቃ ላይ ይቀንስ ነበር።

ባለ ካምሪ፦ ያ ክረምት ሐምሌ ነው። ይሄኛው ጃንዋሪ!

ባለ ራቭ ፎር፦ እኔ በሐምሌ እንጦጦን በልሙጥ ጎማ ወጥቻለሁ።

ባለ ካምሪ፦ መውጣቱንስ ወጣህ፤ እንዴት እንደወረድክ ንገረና።

መካኒኩ፦ ወሬውን ለቡና አቆዩት። ንፋስ አትቀንሱ። ብርዱ በ10 ፋራናይት በጨመረ ቁጥር ጎማው ራሱ 1 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያ) ገደማ ያጣል። የሹፌሩ በር ጋ የተለጠፈውን ቁጥር ሙሉ፤ ጠዋት፣ ሳትነዱት በፊት።

እንግዳ፦ መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል። ምን ይሆን?

መካኒኩ፦ ምን መኪና? የስንት? ያስቸግራል ማለት ምን ማለት ነው? ጠንቋይ አይደለሁም። ባትሪህን አስለካ።

ባለ ፕሪየስ፦ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ብቻ ብጨምርስ?

መካኒኩ፦ ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ሞተር ይሰነጥቃል። ግማሽ አንቲፍሪዝ፣ ግማሽ ውሃ።

ባለ ካምሪ፦ ጋራዥ ውስጥ፣ በሩን ከፍቼ መኪናውን ባሞቀውስ?

መካኒኩ፦ በፍጹም። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ ተከፍቶም ቤት ይገባል። ውጭ አውጣው። ሞተር አስነስተህ ቁልፉን ትተህ አትግባ፤ ሌባም ፖሊስም ይጠብቅሃል።

እንግዳ፦ ለተራራ ኦል ሲዝን ይበቃል?

መካኒኩ፦ ወደ ላይ ተመልሰህ አንብብ።

ባለ ራቭ ፎር፦ ጋሼ፣ መለኪያዋን ከየት ልግዛ?

መካኒኩ፦ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሁሉ አላት። አሁን ገና ገባህ።