ተያዘ ተባለ፤ ታዲያ ለምን አያልቅም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታላቅ ወንድሜ እዚሁ አሜሪካ፣ ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ሌሊት ሱቅ ላይ ሲሠራ ከተገደለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። አምና መርማሪው ደወለና «በዲኤንኤ ሰው ይዘናል» አለን። እናቴ አዲስ አበባ ሆና እልል አለች። ዘመድ ሁሉ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ግን ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነናል። አሁን ጭራሽ ዐቃቤ ሕጓ «ጥፋቱን ካመነ የሞት ቅጣት ይቀርለትና እድሜ ልክ ይፈረድበታል» የሚል ድርድር አለ አለችን። እናቴ ይህን ስነግራት «በልጄ ደም ይደራደራሉ?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ዲኤንኤው ካለ ምን ያደራድራል? እሷንስ ምን ልበላት?
ስሜ ይቆይልኝ

መልስ፦ እህቴ፣ የወንድምሽን ነፍስ ይማር። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዓመታት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝ። የናንተን መዝገብ ስላላየሁ ስለሱ አልፈርድም። የእናትሽ ጥያቄ ግን ሳክራሜንቶ የኖርን ሰዎች በደንብ የምናውቀው ጥያቄ ነው። በጆሴፍ ጄምስ ዲአንጀሎ ጊዜ ከተማው ሁሉ ይህንኑ ነበር የሚጠይቀው።

ይህ ሰው ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1986 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ 13 ሰው ገድሏል። ወደ 50 የሚጠጉ ሴቶችን ደፍሯል። ሌሊት በመስኮት ወይም በተንሸራታች የመስታወት በር ይገባል። ባልየውን አስሮ በደረቱ ያስተኛውና ጀርባው ላይ ሰሃን ይደረድርበታል። ሰሃኑ ሲንኳኳ ከሰማሁ ሁለታችሁንም እገላለሁ ብሎ ሚስትየዋን ይወስዳታል። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበረችኝ። የጓሮ በሯ ሐዲድ ውስጥ ሁልጊዜ የተቆረጠ የመጥረጊያ እንጨት አጋድማ ታስቀምጣለች፤ በሩ እንዳይንሸራተት። ከ1977 ጀምሮ እዚያው ነው አለችኝ። ሰውየው ከተያዘ በኋላም አላነሳችውም።

ማን ሆኖ ተገኘ መሰለሽ? ፖሊስ! ከ1973 ጀምሮ መጀመሪያ ኤክሰተር፣ ቀጥሎ ኦበርን በሚባሉ ከተሞች ፖሊስ ነበር። በ1979 ከሱቅ መዶሻና የውሻ ማባረሪያ ሊሰርቅ ሲል ተያዘና ከሥራ ተባረረ። ከዚያ በኋላ አንድ የሱፐርማርኬት መጋዘን ውስጥ የከባድ መኪና መካኒክ ሆኖ ሠርቶ በጡረታ ወጣ። ልጆቹን አሳደገ፤ ሣሩን አጨደ።

ዲኤንኤው ግን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ነበር። በ2001 ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲመስሉ የኖሩት በሰሜን ካሊፎርኒያ የነበረው ደፋሪና በደቡብ የነበረው ገዳይ አንድ ሰው መሆኑ በላብራቶሪ ተረጋገጠ። ስም ግን የለም። በ1980 ወንድሙና የወንድሙ ሚስት የተገደሉበት ብሩስ ሃሪንግተን የሚባል ሰው የካሊፎርኒያ የወንጀለኞች ዲኤንኤ መዝገብ እንዲሰፋ ገንዘቡን አውጥቶ ታገለ። በ2004 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሕጉ ጸደቀ። ያም ሆኖ ዲአንጀሎ እዚያ መዝገብ ውስጥ አልነበረም። ብሩስ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ጠበቀ።

በመጨረሻ የያዘው የዘር ሐረግ ነው። መርማሪዎቹ ቬንቱራ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ከፈጸመው ግድያ ተወስዶ የተቀመጠውን ናሙና አወጡ። ውጤቱን ሰዎች ዘመድ ለመፈለግ በሚጠቀሙበት ጌድማች በሚባል የመረጃ ቋት ውስጥ አስገቡት። የሩቅ ዘመዶች ወጡ። ከእነሱ ተነስተው እስከ ጋራ ቅድመ አያት ድረስ ወደ ላይ ወጡ፤ ከዚያ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያሉ ወረዱ። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው በይው። እነሱ ሙሽራ አይደለም የሚፈልጉት እንጂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የዘር ሐረግ የሚሰጠው ጥቆማ ነው፤ ማስረጃ አይደለም። በ2017 በዚሁ ጉዳይ፣ በሌላ የዘር ሐረግ ፍለጋ፣ ኦሪገን ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ያሉ አንድ ሽማግሌ ተጠርጥረው ዲኤንኤ ተወስዶባቸዋል። ሰውየው የሉበትም! ስለዚህ ዲአንጀሎ ላይ ሲደርሱ ተጠነቀቁ። ሮዝቪል ውስጥ ሱቅ ገብቶ ሳለ ውጭ የቆመውን የመኪናውን በር እጀታ ጠርገው ናሙና ወሰዱ። ደጅ ካወጣው ቆሻሻ ውስጥ ደግሞ ሶፍት አነሱ። ሁለቱንም አስመርምረው፣ ገጠመ ሲባል ነው ኤፕሪል 24 ቀን 2018 ከቤቱ ያወጡት። የ72 ዓመት ሰው ነበር።

ጥፋተኛ ነኝ ያለውስ መቼ ነው? ጁን 29 ቀን 2020። ከሁለት ዓመት በላይ። ግድያዎቹ በአምስት ካውንቲ የተበተኑ ናቸው፤ አስገድዶ መድፈሩ ሲጨመር ስድስት የዐቃቤ ሕግ ቢሮዎች ተቀናጅተው ነው የሠሩት። የአርባ ዓመት ወረቀት አለ። ተከላካይ ጠበቆቹም ይህን ሁሉ ማንበብ አለባቸው። ካላነበቡ ነገ ይግባኝ ተብሎ ፍርዱ ሊፈርስ ይችላል። ቀጠሮ ሁሉ በምክንያት ይራዘማል እያልኩሽ አይደለም። በየችሎቱ ቁጭ ብዬ ያየሁት ስንፍናም አለ። ነገር ግን በአሮጌ ግድያ ጉዳይ የመጀመሪያው ዓመት የሚያልፈው ወረቀት በመለዋወጥ ነው። ቀጠሮ ተራዘመ ማለት ሰውየው ሊፈታ ነው ማለት አይደለም።

እናትሽን ያስቆጣው ድርድር ነው ግን ዋናው ነገር። ዐቃቤ ሕጎቹ በኤፕሪል 2019 የሞት ቅጣት እንጠይቃለን ብለው አስታወቁ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ግን የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ የሞት ቅጣት እንዳይፈጸም አግዶ ነበር። ካሊፎርኒያ ሰው በሞት የቀጣችው ለመጨረሻ ጊዜ በ2006 ነው። ተጎጂዎቹና ምስክሮቹ ደግሞ እያረጁ፣ አንዳንዶቹም እየሞቱ ነው። ሙሉ ክርክር ቢጀመር እስኪያልቅ ስንቱ በሕይወት ይቆያል?

ከሁሉም በላይ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አለ። ግድያ በይርጋ አይታገድም። እነዚያ የ1970ዎቹ የመድፈር ወንጀሎች ግን ጊዜያቸው አልፎ ነበር። ካሊፎርኒያ የመድፈር ይርጋን ያነሳችው ከ2017 ጀምሮ ነው፤ ሕጉ ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጎቹ ከ13ቱ ግድያ ጋር መክሰስ የቻሉት 13 ጠለፋ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሙሉ ክርክር ተካሂዶ ሞት ቢፈረድበት እንኳ ስማቸው በክሱ ውስጥ አይኖርም። በድርድሩ ግን ያልተከሰሰባቸውንም እንዲያምን ተደረገ። ለእኔ የዚያ ድርድር ትልቁ ፍሬ ይህ ነው። ሞት ቀረለት ብሎ የተናደደ ሰው ብዙ ነበር፤ ንዴቱን አልነቅፍም። ግን በሞት ቅጣቱ ምትክ ምን ተገኘ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ጊዜው የኮሮና ስለነበር ችሎቱ የተቀመጠው በሳክራሜንቶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትልቅ አዳራሽ ነው። ዲአንጀሎ ብርቱካናማ የእስረኛ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱን በፕላስቲክ መከለያ ሸፍኖ፣ መድረክ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀመጠ። የየካውንቲው ዐቃቤ ሕግ እየተነሳ የተፈጸመውን ያነባል። እሱ በተሰበረ ድምፅ «ጥፋተኛ ነኝ» ወይም «አምናለሁ» ይላል። ደግሞ ሌላ ይነበባል። «አምናለሁ።» ሰዓታት ፈጀ። በኦገስት ለሦስት ቀን ተጎጂዎችና ቤተሰቦች ፊቱ ቆመው ተናገሩ። በአራተኛው ቀን፣ ኦገስት 21፣ ከወንበሩ ተነስቶ ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ይቅርታ አለ። ያ ሁሉ ድካም ማስመሰል መሆኑን ዐቃቤ ሕጎቹ እስር ቤት በተቀረፀ ቪዲዮ አሳይተዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሲሆን እንደ ጎረምሳ ይንጠላጠላል። ዳኛ ማይክል ቦውማን ያለ አመክሮ እድሜ ልክ ፈረዱበት።

ስለዚህ ዐቃቤ ሕጓን «ለምን ትደራደራላችሁ?» ከማለት ይልቅ ይህን ጠይቂያት። ፍርዱ ያለ አመክሮ ነው ወይ? ይግባኝ የማለት መብቱን ይተዋል ወይ? የወንድምሽን ስም እየሰማ፣ ያደረገውን በዝርዝር፣ በግልጽ ችሎት ያምናል ወይስ በአንድ ቃል «ጥፋተኛ» ብሎ ይቀመጣል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። እናንተ ካልጠየቃችሁ ማንም አያስታውሳትም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ የቤተሰብ አስተያየት ይሰማል እንጂ ውሳኔው የዐቃቤ ሕጓ ነው። ለእናትሽ ውሳኔው በናንተ እጅ ያለ አስመስለሽ እንዳትነግሪያቸው።

እሳቸውም በፍርዱ ቀን ይናገሩ። ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ይቻል እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ካልተቻለ ቃላቸውን በአማርኛ ይጻፉት፤ በባለሙያ ይተርጎምና ይነበብ። አስተርጓሚ ስትጠይቂ «አማርኛ» በይና የሚመጣው በአካል መሆኑን አረጋግጪ። በስልክ እየተቆራረጠ የሚመጣ አስተርጓሚ ለእንዲህ ያለ ቀን አይሆንም። አንቺ ግን አታስተርጉሚላቸው! ልጆች ለእናታቸው ሲያስተርጉሙ መሐል ላይ ድምፃቸው ሲዘጋ አይቻለሁ። በዐቃቤ ሕግ ቢሮው ውስጥ የተጎጂ ቤተሰብ የሚረዳ ሠራተኛ ይኖራል፤ ይህን ሁሉ ከሱ ጋር ጨርሺ። ቫይን በሚባለው የማሳወቂያ አገልግሎትም ተመዝገቢ። ሰውየው እስር ቤት ሲቀይር መልእክት ይደርስሻል።

እስከዚያው ቤተሰቡ የተጠርጣሪውን ፎቶ ቲክቶክ ላይ «ገዳዩ ይኸው» እያለ አይለጥፍ። እስካሁን ጥፋተኛ አልተባለም። የሱ ጠበቃም ገጻችሁን ያነባል።

ለእናትሽ «ተደራደሩ» ብለሽ አትጀምሪላቸው። «ሰውየው ዳኛ ፊት ልጅዎን ገድያለሁ ሊል ነው፤ እርስዎም ይናገሩታል» በያቸው። መቆጣታቸው አይቀር ይሆናል። ግን ስልኩን አይዘጉብሽም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ ለልደቴ የዘር ሐረግ መመርመሪያ ዕቃ ገዛችልኝ፤ ምራቅ ተፍተሽ ላኪ ትለኛለች። ፖሊስ እጅ ይገባል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?
ወ/ሮ ገ.፣ ከአትላንታ

መልስ፦ እንደ ድርጅቱ ነው። ትልልቆቹ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አንሰጥም ይላሉ። ከላይ ያነሳሁት ጌድማች ከሜይ 2019 ጀምሮ ፖሊስ ውጤትዎን እንዲያይ የሚፈቅዱት እርስዎ ራስዎ ሲመርጡ ነው አለ፤ ከባድ ወንጀልን በተመለከተ ማለት ነው። እርስዎ ካልከለከሉ በስተቀር ፖሊስ እንዲያይ የሚፈቅዱ ድርጅቶችም አሉ። ስለዚህ ከመትፋትዎ በፊት ልጅዎ የስምምነት ገጹን ታንብብልዎ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው የምንይዘው። የእርስዎና የአክስትዎ ልጅ ስም ወረቀት ላይ አይገናኝም። ለዘር ሐረግ አጥኚ ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ምራቁ ግን ያገናኛችኋል። እርስዎ ሲልኩ ያልተጠየቁ ዘመዶችዎንም በከፊል ልከዋል ማለት ነው። ከመላክዎ በፊት ቢያንስ ለእህትዎ ይደውሉላት።