ከሰመራ እስከ ላሊበላ በቪትዝ

ከመሪው ኋላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ
መልስ የሚሰጡት በአሰብና በጅቡቲ መስመር 31 ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምሠራው ሰመራ ነው። ዘንድሮ ገናን ላሊበላ እንደምናከብር ለእናቴ ቃል ገብቼላታለሁ። መኪናዬ ኦቶማቲክ ቪትዝ ናት፣ 1.3። የምንሄደው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ወር ልጃችን፣ የእኅቴ ልጅና እናቴ ነን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ስልኬ ላይ ሳየው መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ብነሳ በዚያው ቀን አልገባም? በጭፍራ በኩል ይቀርባል የሚሉኝም አሉ። ነዳጅስ በጀሪካን ልያዝ? ጓደኞቼ ግማሾቹ «በቪትዝ እንዳትሞክረው» ይላሉ፣ ግማሾቹ ይስቃሉ።
አንባቢዎ ከሰመራ

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደኅና ነኝ። ቪትዟ ላሊበላ ትገባለች። በአንድ ቀን እገባለሁ ያልከውን ግን ተወው።

ስልክህ ኪሎ ሜትሩን እንጂ ዳገቱን አልነገረህም። ሰመራ ከባሕር ወለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ነው። ባቲ ስትደርስ 1,500፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ደሴ 2,500 ያህል ይሆናል። ከዚያ ሐይቅ ላይ ወደ 1,900 ትወርድና ወልድያ እንደገና 2,100 ትወጣለህ። የድልብን ዳገት ጨርሰህ ጋሸና ስትደርስ 3,000 ተጠግተሃል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ሲሳሳ የሚተነፍሰው ያጣል። ስለዚህ ሰመራ ላይ የምታውቃት ቪትዝ ጋሸና ላይ ሩብ ጉልበቷን ጥላ ነው የምትደርሰው። አምስት ሰው ጭነህ በላይዋ ላይ ፖርታ ባጋሊ አስረህ ሻንጣ ከደረደርክባት እሷም እንደ እናትህ መድኃኒት ያስፈልጋታል። ጣሪያው ላይ ምንም አትጫን። የሕፃኑን ዕቃና ጋቢዎቹን ብቻ ያዝ። ጋቢ ግን አትቀንስ፤ የታኅሣሥን ሌሊት በሰመራ ልክ የሚገምት ሰው ላሊበላ ላይ ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ጉዞህን ሦስት ቀን አድርገው። ታኅሣሥ 24 ተነስተህ ኮምቦልቻ እደር፣ በ25 ወልድያ፣ በ26 ላሊበላ። በ28 እገባለሁ ብትል መኝታ አታገኝም፤ አሁኑኑ ደውለህ ያዝ። ኮምቦልቻ እደር ያልኩህ ለመኪናዋ ብዬ ብቻ አይደለም። ከ430 ሜትር የተነሳ ሰው በአንድ ቀን ከ2,500 በላይ ሲወጣ ራሱን ያመዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። ኮምቦልቻ መካከለኛ ናት፤ ደሴ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐኪም ቢያስፈልግ ቅርብ ነው። እናትህ ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒቱም ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ ከእጃቸው አይለይ። መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣባቸው ውኃ የሚተዉ እናቶች አውቃለሁ፤ የራሴም እናት እንዲያ ነበሩ። በየሰዓቱ ቁም፣ ይጠጡ።

የጭፍራውን መንገድ በተመለከተ፣ ይቀርባል ያሉህ አልዋሹም። እኔ ግን ሕፃንና አዛውንት ይዤ በባቲ ነው የምሄደው። ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ እያልክ ስትሄድ ጎሚስታም፣ ጤና ጣቢያም፣ ትኩስ ሻይም አይርቅህም። በዚያም ሆነ በዚህ፣ ከመነሳትህ በፊት በነበረው ቀን ኮምቦልቻና ወልድያ ያሉ ሾፌሮችን ደውለህ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቅ። መናኸሪያ ያለ ሰው የዛሬውን ያውቃል። አይሆንም ካሉህ እናትህን አስረዳቸው፤ ላሊበላ ለከርሞም አለ።

ሌሊት 10 ሰዓት ያልከውን ደግሞ ጨርሶ እርሳው። ከሎግያ እስከ ሚሌ ያለው የጅቡቲ ዕቃ የሚወርድበት መንገድ ነው፤ ተሳቢው ሁሉ መብራቱ የሚሠራ እንዳይመስልህ። ከዚያ ግመሉ አለ። ግመል እንደ በሬ ባምፐር ላይ አይመታህም። መኪናዋ እግሩን ትቆርጠዋለች፣ ገላው በመስታወቱ ገብቶ ጭንህ ላይ ይወድቃል። አስፋልቱ ሌሊት ሙቀት ስለሚይዝ ይተኛበታልም። ጎሕ ሲቀድ ተነስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቁም። ሚሌ ኬላው ላይ የከባድ መኪና ሰልፍ ካየህ አትደናገጥ፣ ረዳቶቹን ጠይቃቸውና ያሳልፉሃል።

ከሚሌ ወደ ባቲ ስትታጠፍ ሐዳር በስተግራህ ይቀራል፤ ድንቅነሽ በ1967 የተገኘችበት ማለት ነው። በቪትዝ ልግባ እንዳትል፤ ለእኅትህ ልጅ በጣትህ አቅጣጫውን አሳየውና እለፍ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ከባቲ በታች ያለው ዳገት ሲጀምር የሙቀት መርፌውን ዓይንህ አይለቀው። ከፍ ማለት ሲጀምር ኤሲ አጥፋ፣ መስኮት ክፈት። አሁንም ከወጣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው፤ ሰዎቹ ያላብባቸዋል፣ ሞተሩ ግን ይድናል። ሰመራ ስትኖር ራዲያተርህን በቧንቧ ውኃ ስትሞላው ከከረምክ ከመነሳትህ በፊት አስጠርገህ ኩላንት አስሞላ። ተራ ውኃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑን ትኩስ እያለ እንዳትከፍት፤ እኔ ሚሌ ላይ ከፍቼ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ሐኪም ባየው ቁጥር ይጠይቀኛል። የቺንጊያውን (የሞተሩን ቀበቶ) ዕድሜ፣ የፍሬን ሸራውን ውፍረት፣ የስኮርታውን (የመለዋወጫ ጎማውን) ነፋስ አሳይ። ጎማ ነፋስ የሚለካው ጠዋት ሳይሞቅ ነው። እኩለ ቀን ላይ በዛ ብለህ ካስተነፈስከው ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

ነዳጅ በጀሪካን አትያዝ። ሕፃን ባለበት፣ በዚያ ሙቀት፣ የቤንዚን ትነት ይዘህ መስኮት ዘግተህ? የቪትዝህ ታንከር 42 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሰመራ ሙላ፣ ኮምቦልቻ ሙላ፣ ወልድያ ላይ ሰልፍ ቢኖርም ተሰልፈህ ሙላ። ከወልድያ ሳትሞላ እንዳትወጣ፤ ከጋሸና ላሊበላ ብቻ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መመለሻም አለብህ።

መመለሻውን ማንም አልጠየቀኝም፣ አንተም አልጠየቅህም። እኔ የምፈራው ግን እሱን ነው።

በ1979 ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው ቡና ጭኜ ወደ አሰብ ስወርድ፣ ከባቲ በታች ናፍጣ ልቆጥብ ብዬ ማርሹን ባዶ አደረግሁት፤ ፎሌ እንላለን። ወጣት ነበርኩ፣ የቆጠብኩትንም ናፍጣ ሸጬ ኪሴ የማስገባ ነበርኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ሸራው ሸተተኝ። ሦስተኛው ላይ ፍሬኑን ስረግጠው እንደ ድንጋይ ደረቀ፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ማርሽ ላስገባ ብል አልገባም አለኝ፣ ፍጥነቱ አልፎታል። ረዳቴ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አውጥቷል። ያዳነን ደረቅ ወንዝ ነው፤ አሸዋው ውስጥ ገባሁ፣ ተሳቢው ከኋላ እየገፋኝ ቆመ። ረዳቴ እዚያው ወርዶ በሌላ መኪና ባቲ ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አልሠራም።

ያንተዋ ኦቶማቲክ ስለሆነች ብዙ ሰው «ዲ» ላይ ትቶ በፍሬን ብቻ ይወርዳል። ካንቢዮህን፣ የማርሽ መቀየሪያውን ማለቴ ነው፣ እይ፤ «ቢ» ወይም «ኤል» የሚል አለው፣ «ኤስ» የሚልም ይኖራል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ከላይ ሆነህ፣ ወደዚያ አውርደው። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ፣ እሱ ነው የሚይዝህ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ልቀቀው፣ ዝም ብለህ እግርህን አታስተኛበት። ከድልብ ወደ ወልድያ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከባቲ ወደ ታች፤ ሦስቱም ላይ እንዲሁ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሕፃኑ ካለቀሰ ጆሮው ስለተደፈነ ነው፤ ሚስትህ ታጥባው፣ ሲውጥ ይከፈትለታል።

እንግዲህ ስለ ደስታውም ጥቂት። ሰኞ ባቲ ብትደርስ ገበያው አለ፤ ያን ጊዜ ሁለት ሰዓት ጨምረህ አስላ፣ ሴቶቹ አይወጡልህም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በስማቸው የተጠሩባቸውን አገሮች በዚህ ጉዞ ታያለህ፤ እናትህ እያንጎራጎሩ ያልፏቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስን መሳለም ቢያምራቸው ግን ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ከሩቅ ነው የሚሳለሙት። እዚያ ደርሰው ከሚያዝኑ አስቀድመህ ንገራቸው። ሐይቅ ላይ ዓሣ አለ፤ በነቢያት ጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት ትቻለሁ። በሶና ቆሎ ከቤት ያዙ።

ላሊበላ ስትደርሱ የመጀመሪያውን ቀን እናትህ ይረፉ። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚወርደው ደረጃ ያደክማል፣ በባዶ እግር የሚረገጠው ድንጋይም ጠዋት በረዶ ነው፤ ወፍራም ካልሲ ግዛላቸው። የገና ዕለት ማለዳ ቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኵሉ የሚባለውን የካህናት ዝማሬ ከላይ ከገደሉ ጫፍ ለማየት ሰዉ ሌሊት ነው ቦታ የሚይዘው። አንተና የእኅትህ ልጅ ቀድማችሁ ሂዱና ለእሳቸው መቀመጫ ያዙ።

ከመነሳትህ በፊት ካንቢዮህ ላይ ያለውን ፊደል ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የትኛው እንደሆነ እነግርሃለሁ።