የሞተሩ ሲሙሌሽን ለምን ይንቀረፈፋል?

ጥያቄ፦ በኦፕንሞዴሊካ (የሲሙሌሽን ሶፍትዌር) የ24 ቮልት ዲሲ ሞተር ከውሃ ፓምፕ ጋር አገናኝቼ፣ ጥቅልሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደሚሞቅ ማየት እፈልጋለሁ። ሞተሩ 0.5 ኦምና 1 ሚሊሄንሪ ነው፤ ፍጥነቱን የምቆጣጠረው በ20 ኪሎኸርዝ ፒደብልዩኤም (ቮልቴጁን በፍጥነት እያበሩ በማጥፋት) ነው። ሲሙሌሽኑ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶም አያልቅም። ቶለራንሱን (የሚፈቀደውን የስሌት ስህተት) ባላላውም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ቶለራንሱን ወደነበረበት ይመልሱት፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሶፍትዌሩ ኤሌክትሪኩን፣ ተሽከርካሪውን ክፍልና ሙቀቱን ለየብቻ አያሰላም። እኩልታዎቹን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ የጊዜ እርምጃ ይፈታቸዋል፤ ስለዚህ ፈጣኑ ክፍል ዝግተኛውን ወደ ራሱ እርምጃ ይጎትታል። የእርስዎ ሞተር ከረንት የጊዜ ቋሚ፣ ማለትም ለውጡ የሚፈጀው ጊዜ መለኪያ፣ 2 ሚሊሰከንድ ነው (ኢንደክታንሱ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል)፤ ሙቀቱ ግን ደቂቃዎች ይፈጃል። ይህ ልዩነት ብቻውን አያስቸግርም። ዳስል የሚባለው ሶልቨር (እኩልታ ፈቺ) ፈጣኑ ሲረጋጋ እርምጃውን ያረዝማል። ቋሚ እርምጃ የሚጠቀመውን ኦይለርን ከመረጡ ግን እርምጃው ከ4 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ውጤቱ መዋዠቅ ጀምሮ ከቁጥጥር ይወጣል።

ዋናው ችግር ፒደብልዩኤሙ ነው። ስዊቹ በሰከንድ 20,000 ጊዜ ይከፈታል፣ ያንኑ ያህል ይዘጋል። ሶልቨሩ በእያንዳንዱ ቅያሪ ቆሞ፣ ቅጽበቱን ፈልጎ፣ በትንሽ እርምጃ እንደገና ይነሳል። በአንድ ሰዓት 144 ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው።

ስዊቹን ያውጡና በቦታው አማካይ ቮልቴጅ ያስገቡ፤ ዱቲ ሳይክሉ (ከእያንዳንዱ ዑደት ቮልቴጁ በርቶ የሚቆይበት ድርሻ) 0.6 ከሆነ 14.4 ቮልት። የሚያጡት የከረንቱን ሞገድ ብቻ ነው፤ እሱም ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.3 አምፔር ገደማ ነው። ከረንቱ በየዑደቱ ዜሮ እስካልነካ ድረስ ይህ ለሙቀት ጥያቄ አያሳስትም። ሞገዱን ማየት ካማረዎት ስዊቹ ያለበትን ሞዴል ለብቻው ለ50 ሚሊሰከንድ ያሂዱት።

ሙቀቱ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ሬዚስተሩን ነው። ሂት ፖርቱን (የሙቀት ማገናኛውን) ከፍተው ከሙቀት ማከማቻው ጋር፣ ማከማቻውን ደግሞ በሙቀት አስተላላፊ በኩል ከአካባቢው አየር ጋር ያገናኙ። አልፋ (ሬዚስታንሱ በሙቀት የሚለወጥበት መጠን) ሳይነካ ከቀረ ዜሮ ነው፤ ጥቅልሉ ቢግልም ሬዚስታንሱ አይንቀሳቀስም። ለመዳብ 0.0039 ይስጡት። ሬዚስታንሱ የተሰጠበት ማጣቀሻ ሙቀትም 300.15 ኬልቪን ሆኖ ስለሚመጣ፣ 0.5 ኦሙ የተለካው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ ወደ 293.15 ይቀይሩት። ያኔ በ80 ዲግሪ ሬዚስታንሱ 0.62 ኦም ገደማ ይደርሳል።

ግራውንዱንም (የዜሮ ቮልት ነጥቡን) እንዳይረሱ። ካልተገናኘ የእኩልታና የተለዋዋጮች ቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ ስሌቱ መፍትሔ ያጣል።