«አፌ ላይ መጥቶ ይጠፋብኛል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 53 ዓመት ነው። ከአንድ ዓመት ወዲህ በንግግር መሀል በደንብ የማውቀው ቃል ይጠፋብኛል። ባለፈው ሳምንት ልጄን መሰላል እንዲያመጣልኝ ልጠይቀው ብል ቃሉ እምቢ አለኝ፤ «ያንን... የሚወጣበትን» እያልሁ በእጄ አሳየሁት። በ«መ» እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ ነገር ግን «መሰናክል» የሚለው ብቻ እየመጣ አላሳልፍ አለኝ። ማታ ልተኛ ስል ሳላስበው «መሰላል!» አልሁ። የሰው ስምማ ከዚህም ይብሳል። እናቴ በስተርጅና የመርሳት ሕመም ስለነበረባት የእኔም ጅማሬው እንዳይሆን ሰግቻለሁ። ልመረመር ይገባኛል?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ ልቤን ያሳረፈው «መሰናክል» ነው። መሰላል ምን እንደሆነና ለምን እንደሚያገለግል ያውቁ ነበር፤ የመጀመሪያውን ፊደል ይዘዋል፤ በስሕተት የመጣብዎትም ቃል በድምፅ የሚቀርበው ነው፤ ትክክለኛው ቃል ደግሞ ቆይቶ በራሱ ጊዜ መጥቷል። ስለዚህ ዕውቀቱ በቦታው ነበረ፤ ለጊዜው የላላው ዕውቀቱን ከድምፁ ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው።

ስንናገር አእምሯችን መጀመሪያ የምንለውን ነገር ትርጉም ይመርጣል፤ ከዚያ ለዚያ ትርጉም የሚሆነውን የድምፅ ቅንብር ይፈልጋል። በተለመደ ንግግር በሰከንድ ሁለት ሦስት ቃላት ስለምናወጣ፣ ይህ ሁሉ የሚከናወነው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሊገርመን የሚገባው አልፎ አልፎ መደናቀፉ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ አለመደናቀፉ ነው። ሮጀር ብራውን እና ዴቪድ ማክኒል የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙም የማይዘወተሩ ቃላትን ፍቺ ለተማሪዎች እያነበቡ ቃሉን እንዲናገሩ ጠይቀው ነበር። «አፌ ላይ ነው» ያሉት ተማሪዎች ቃሉን ባይናገሩትም እንኳ፣ የሚጀምርበትን ፊደልና የቀለማቱን (የድምፅ ክፍሎቹን) ብዛት ብዙ ጊዜ በትክክል ይገምቱ ነበር። እርስዎ በ«መ» እንደሚጀምር ማወቅዎም ከዚሁ የተለየ አይደለም።

የሰው ስም ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሰላል ሲባል መውጣት፣ ጣሪያና ግድግዳ አብረው ይታሰባሉ፤ ወደ ቃሉ የሚያደርሰው መንገድ ብዙ ነው። የአንድ ሰው ስም ግን ከሰውየው ሥራም ሆነ መልክ ጋር የሚያያዝበት ምንም ምክንያት ስለሌለ በአንዲት ቀጭን ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይም ስሙ ለረጅም ጊዜ ሳይጠራ ከቆየ፣ ያች ክር ትላላለች። የቃላት ዕውቀት ግን እስከ እርጅና ድረስ እምብዛም አይቀንስም፤ እንዲያውም ብዙ አዛውንት ከወጣቶች የሚበልጥ ቃል ያውቃሉ። ሁለትና ከዚያ በላይ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችም እያንዳንዱን ቃል የሚጠቀሙበት ጊዜ ስለሚከፋፈል ይህ ችግር በመጠኑ ይበዛባቸዋል፤ በሽታ አይደለም።

ሆኖም ችግሩ ካለፈው ዓመት ወዲህ መብዛቱን ስለጻፉልኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ባለፈው ዓመት እንቅልፍዎ፣ ሐሳብዎና የሚወስዱት መድኃኒት ተለውጧል? እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና ድብርት ቃል የማግኘትን ፍጥነት ይቀንሳሉ። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከምና የቫይታሚን ቢ-12 እጥረትም እንደዚሁ ናቸው፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፤ ሁለቱም ይታከማሉ። ለሚጥል ሕመምና ለማይግሬን የሚታዘዘው ቶፒራሜት በዚህ ጉዳት በተለይ የሚታወቅ መድኃኒት ነው። ለድብርት የሚታዘዘው አሚትሪፕታይሊን፣ ለጭንቀት የሚታዘዘው ዳያዜፓምና አንዳንድ እንቅልፍ የሚያስይዙ የአለርጂ መድኃኒቶችም ሐሳብን ያደነዝዛሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ በተለይ የሚጥል ሕመም መድኃኒትና ዳያዜፓም በድንገት ሲቋረጡ አደጋ ያስከትላሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ የመርሳቱ ብዛት ሳይሆን ዓይነቱ ነው። ቃሉ ከሰዓታት በኋላም የማይመለስ ከሆነ፣ በየዕለቱ ከሚነገሩት ቃላት ሳይቀር እየጠፋ ንግግሩ «ነገርዬው» እና «ያኛው» ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው መቀስ ይዞ ስሙን ከማጣት አልፎ ሌላው ሰው «መቀስ» ሲለው «መቀስ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የተነካው የድምፁ መስመር ብቻ ሳይሆን ትርጉሙ ራሱ ሊሆን ይችላል። በብዙ የመርሳት ሕመምተኞች ዘንድ ችግሩን አስቀድሞ የሚያስተውለው ቤተሰብ ነው፤ ሕመምተኛው «ምንም አልሆንሁም» ይላል። እርስዎ ግን ቀኑንና ቃሉን ሳይቀር ቆጥረው ነግረውኛል። የእናትዎን ሕመም በተመለከተ፣ በእርጅና ዘመን የጀመረ የወላጅ የመርሳት ሕመም የልጁን ዕድል በመጠኑ ከፍ ያደርጋል እንጂ ሕመሙን አይወስንበትም።

ከዚህ ሁሉ ፈጽሞ የሚለየው በድንገት የሚመጣው ነው። ደህና ይናገር የነበረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ቃል ካጣ፣ ንግግሩ ትርጉም አልባ ከሆነ፣ ወይም የሚነገረውን መረዳት ካቃተው፣ ፊቱ ባይጣመምና እጁ ባይዝልም እንኳ ስትሮክ እንደሆነ ተቆጥሮ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚመራው የአእምሮ ግራ ክፍል ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 የገለጸው ሕመምተኛ የሚባለውን እየተረዳ «ታን» ከማለት በቀር መናገር አይችልም ነበር፤ ጉዳቱም የተገኘው በዚያው በግራ በኩል ነው። የአንጎልን የደም ሥር የዘጋውን የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ፣ «ትንሽ ይረፍ፣ ይተወዋል» እያሉ መቆየት ውድ ጊዜ ያባክናል። ከደቂቃዎች በኋላ ቢተወውም እንኳ መታየት አለበት፤ የሚመጣው ትልቅ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስና፣ አዎ፣ ቢመረመሩ እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ያለ ጥድፊያ። ሲሄዱ የመድኃኒቶችዎን ዝርዝርና ከእርስዎ ጋር የሚኖር አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቋቸውን እንስሳት እንዲጠሩ ሊጠይቅዎ፣ ሥዕል እያሳየም ስም ሊያስጠራዎ ይችላል። ከተሳሳቱበት መልስ ይልቅ አሳሳትዎ ብዙ ይናገራል፤ «መሰ...» ብሎ ሲጀምርልዎ «...ላል» ብለው ከጨረሱ ቃሉ አልጠፋም።

እስከዚያው ድረስ ቃል ሲጠፋብዎ አጥብቀው አይታገሉት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የካናዳ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፣ በጠፋው ቃል ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የተጨነቁ ሰዎች ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ቃል ላይ እንደገና የመደናቀፋቸው ዕድል ከፍ ያለ ነበር፤ አእምሮ የሚለማመደው መልሱን ሳይሆን መደናቀፉን ነውና። ለልጅዎ እንዳደረጉት በሌላ አነጋገር ገልጸው ይለፉት፤ ወይም በአቅራቢያዎ ያለውን ሰው «ምን ይባላል?» ብለው ይጠይቁ። ቃሉ ሲገኝ ግን በሐሳብዎ ብቻ አይለፉት፤ ያን ሌሊት እንዳደረጉት ድምፅ አውጥተው ይበሉት፤ በማግስቱም በንግግርዎ መሀል አንድ ሁለት ጊዜ ያስገቡት።